ማሽኑን የሚሰማውን ሠራተኛ እንስማ
(በሠራተኞች ቀን በደብረ ብርሃን የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች፣ የፈረቃ ኃላፊዎች፣ የሠራተኛ ማኅበር ተወካዮች፣ እንዲሁም ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ እንቅልፋችሁን ሳትጨርሱ የመጣችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እንኳን ለሚያዝያ 23፣ ለዓለም አቀፉ የሠራተኞች ቀን አደረሳችሁ።

እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ሠራተኛ የሥራ ተነሣሽነትና ስለ ምርታማነት ነው። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ በፈትል ክፍል የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ይዤላችሁ የመጣሁት አንድ እምነት ነው። የደመወዝ ማነስ ሠራተኛን ያስቸግረዋል፤ ልቡን ከሥራው የሚያወጣው ግን ያየውን ተናግሮ የሚሰማው ማጣቱ ነው።

በአንድ የታኅሣሥ ሌሊት፣ ውርጩ የቆርቆሮውን ጣሪያ ነጭ ባለበሰበት ሰዓት፣ ከመንዝ የመጣች አንዲት ፈታይ ወደ እኔ ቀርባ «ጋሼ፣ ስድስተኛው ማሽን ድምፁ ተለውጧል፤ እንደ በሽተኛ ያቃስታል» አለችኝ። ወስዳም መዳፏን በማሽኑ ጎን ላይ አሳርፋ የሚሞቅበትንና የሚንዘፈዘፍበትን ቦታ አሳየችኝ። ለጥገና ክፍል ብነግር፣ ኃላፊው «ማሽን የሚያውቀው መካኒክ ነው፤ እሷ ክሯን ትቀጥል» ሲል መለሰልኝ። እኔም መልሱን ተቀብዬ ዝም አልሁ፤ ይህ የራሴ ጥፋት ነው። በሦስተኛው ሌሊት ኩሽኔታው ተሰባበረ፣ ቺንጋው ተበጠሰ፤ መለዋወጫው እስኪገኝ ድረስ ማሽኑ 11 ቀን ቆመ። ጥፋተኛ ሲፈለግ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው የወጣው «ማሽን በአግባቡ ባለመያዝ» ተብሎ በእርሷ ስም ነበር፤ ደብዳቤውን እንድሰጣት የታዘዝሁትም እኔው ነበርሁ። አንብባ አጠፈችው፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፣ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ አብረን በሠራንባቸው ሁለት ዓመታት ማሽን ሲጮኽም ሆነ ጥጥ ሲባክን አንድ ነገር ነግራኝ አታውቅም። እንደተባለችው ክሯን ቀጠለች።

ይህን ሠራተኛ ነው እንግዲህ በዓመት አንድ ቀን ቲሸርት አልብሰን፣ «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ» ብለን ፎቶ አንሥተን፣ ሞራሉ እንዲገነባ የምንጠብቀው! የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከማታው 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ክፍያ በ1.75፣ በሕዝብ በዓል ቀን የሚሠራው ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ እንዲከፈል ይደነግጋል፤ አሠሪው ለሠራተኛው ሰብአዊ ክብር ተገቢውን አክብሮት እንዲሰጥም ያስገድዳል። በሕግ የተጣለብንን ዕዳ እንደ ስጦታ አቅርበን ጭብጨባ የምንጠብቅ አለቆች ልናፍር ይገባናል!

በቺካጎ አጠገብ በነበረው የዌስተርን ኤሌክትሪክ የሆውቶርን ፋብሪካ በ1924 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ጥናት መነሻው የመብራት ድምቀት በምርት ላይ ያለው ተጽዕኖ ነበር። ኋላ ግን አጥኚዎቹ ከ20,000 በላይ ሠራተኞችን ወደ ማነጋገር ተሸጋገሩ፤ መጀመሪያ የተዘጋጀ ጥያቄ ያቀርቡ ነበር፣ ቆይተው ጥያቄውን ትተው ሠራተኛው የፈለገውን ሲናገር ማድመጥ ያዙ። በጥናቱ ውጤት ላይ ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ፤ እኔ ጥያቄያቸውን አጥፈው ማድመጣቸውን እወድላቸዋለሁ።

ሥልጠናው፣ የደረጃ ዕድገቱ፣ ሰርቪሱ፣ የሻይ ዕረፍቱ ሁሉም ያስፈልጋሉ፤ እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። እኔ የምጠይቀው በየክፍሉ በፈረቃ ርክክብ ጊዜ የሚሞላ አንድ መዝገብ እንዲቀመጥ ነው። ሠራተኛው ያየውን ይጻፍበት፤ መጻፍ ለማይችል ይጻፍለት፤ የጥገና ኃላፊው በ3 ቀን ውስጥ ያደረገውን ከጎኑ አስፍሮ ይፈርም። ማሽን በተሰበረ ጊዜም ማስጠንቀቂያ ከመጻፉ በፊት ይህ መዝገብ ይገለጥ። ያቺ እኅታችን በዚያ ሌሊት የነገረችኝ እንዲህ ባለ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ደብዳቤ በእጄ አልሰጣትም ነበር።

አመሰግናለሁ።