በቦሌ ሙቀት ስንት ሰው ታነሳለች?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ አስጎብኚዎች አላችሁ፣ ለራሳችሁ መጓጓዣ የምታስቡም አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ከሻጭ ጋር መነጋገር ጀምራችኋል። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። የምትገዟት ሄሊኮፕተር በወንበሯ ብዛት አትመዘንም። የምትመዘነው እናንተ በምትነሱበት ከፍታ ላይ በምትሸከመው ኪሎ ነው።

ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲገባ አየሩ ይሳሳና ሄሊኮፕተሯ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለች ሆና ነው የምትሠራው። ከላይ የሚሽከረከረው ክንፍ የሚይዘው አየር ያንሰዋል፣ ሞተሩም የሚስበው ያንሰዋል፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

ሮቢንሰን አር66ን እንውሰድ። አምስት ወንበር አላት፣ ሲበዛ 1,225 ኪሎ ሆና እንድትነሳ ይፈቀድላታል፣ ባዶዋን 585 ኪሎ ገደማ ናት። አምስት ሰው በ80 ኪሎ ብናስብ 400፣ ሙሉ ነዳጅ 220 ገደማ። ወረቀት ላይ ሁሉም ገባ! ግን ይሄ ሂሳብ አካሏ የሚችለውን እንጂ አየሩ የሚፈቅደውን አይነግራችሁም።

ስለዚህ ሻጩን የበረራ ማኑዋሉን ጠይቁት። ባለችበት ስለማንዣበብ ሁለት ግራፍ ታገኛላችሁ፤ አንዱ መሬት አጠገብ፣ ሌላው ከመሬት ርቃ። ሻጭ የሚወደው የመጀመሪያውን ነው፣ ምክንያቱም መሬት አጠገብ አየሩ ስለሚደግፋት ቁጥሩ ያምራል። እናንተ ሁለተኛውን ያዙ። ሰሜን ተራሮች ገደል አፋፍ ላይ ቱሪስት ልታወርዱ ስትሉ ከስር የሚደግፍ መሬት የለም። በግራ በኩል ከፍታችሁን ፈልጉ፣ በአግድም ሄዳችሁ የሙቀታችሁን መስመር ስታገኙ ወደ ታች ውረዱ። እዚያ ካነበባችሁት ኪሎ ላይ ባዶ ክብደቷን፣ አብራሪውን፣ ነዳጁን ቀንሱ። የተረፈው ነው ቢዝነሳችሁ።

ስለ ኤርባስ ኤች125 ስትጠይቁ ኤቨረስት አናት ላይ ያረፈችው የዚህች ቤተሰብ ናት ይሏችኋል። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 አርፋለች፣ ጉልበቷም ከሌሎቹ የላቀ ነው፣ ለተራራ ሥራ እኔም እሷን ነው የምመርጠው። ግን ያኔ የነበረው አብራሪው ብቻውን ነው፣ የማያስፈልግ ዕቃም ተራግፎላት ነበር። የእናንተ መንገደኛ ሻንጣ ይዞ ነው የሚመጣው።

ፒስተን (እንደ መኪና ያለ ሞተር) ወይስ ተርባይን (እንደ ጄት ያለ ሞተር) የሚለው ብዙ አያከራክርም፤ ተርባይን የሚጠጣው ጄት ኤ-ዋን ነው፣ እሱ ደግሞ ትልቁ አውሮፕላን የሚቀዳው ነዳጅ ስለሆነ ማግኘቱ ይቀላል። የሚያሳስበኝ የተርባይን ሞተሩን ማስነሳቱ ነው። ነዳጁ ቶሎ ከተከፈተ ወይም ባትሪው ከደከመ የሞተሩ ሙቀት በሰከንዶች ውስጥ ከገደቡ ያልፋል፣ ሳትነሱ መሬት ላይ ቆማችሁ ሞተር ታቃጥላላችሁ። ቤል 505 ላይ ነዳጁን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ነው። አር66 ላይ ግን ይህ የአብራሪው እጅና ዓይን ሥራ ነው። ራሳችሁ ልታበሩ ያሰባችሁ ይሄን ከዋጋው እኩል አስቡበት።

የግል ባለቤቶች ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፦ አር66 በ2,000 ሰዓት ወይም በ12 ዓመት፣ ቀድሞ በመጣው፣ ሙሉ እድሳት ይጠበቅባታል። ሃንጋር ውስጥ አቧራ ስትጠጣ ብትከርምም ዓመቱ ይቆጠራል። ለእሱ የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቀመጥ።

ቅድሚያ ክፍያ ከመፈረማችሁ በፊት ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሂዱ። ዓይነቷን ይመዘግቧታል ወይ? ባለ አንድ ሞተር ሆና ለክፍያ መንገደኛ ስትጭን ምን ገደብ አለባት? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የሚጠግናትም ባለሙያ ፈቃዱ በእሷ ዓይነት ላይ መሆኑን አረጋግጡ፣ ከሌለ የማሠልጠኛውን ወጪ ከአሁኑ ግዢ ውሉ ውስጥ አስገቡት።

ግራፉን ይዤ መጥቻለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። የምትነሱበትን ቦታ ንገሩኝና አብረን እናንብበው።