የአሮጌዋ ቮልስ ማሞቂያ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ስለ አንዲት ማንሻ አወራለሁ።

አሮጌ ቮልስ ውስጥ ተቀምጣችሁ የምታውቁ ከሆነ አይታችኋታል። ከእጅ ፍሬኑ ግራና ቀኝ ሁለት አጫጭር ማንሻዎች አሉ። የቀኟ ማሞቂያውን ትከፍታለች። የግራዋ ሙቀቱን ወደ ኋላ ተሳፋሪዎች እግር ስር ትለቃለች። በቃ። ቁጥር የለው፣ መብራት የለው፣ የሚጫኑት ነገር የለው።

የኔ ቮልስ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1960ዎቹ መጨረሻ ናት። ከአባቴ ነው የወረስኳት። የቀኟ ማንሻ ወደ ላይም ወደ ታችም እንደልቧ ትሄዳለች፣ ግን የምትሠራው ነገር አልነበረም። ስለሷ ማንንም ብጠይቅ መልሱ አንድ ነው። "አዲስ አበባ ላይ ማሞቂያ ምን ያደርግልሻል?"

እኔ ደግሞ በዚህ አልስማማም።

ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ አስቡት። ዝናቡ ይወርዳል። መኪናው ውስጥ አራት ሰው አለ፣ የሁሉም ጃኬት በስብሷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል። የፊት መስታወቱ ከውስጥ በኩል ወዲያው ጭጋግ ይለብሳል። ከትንፋሻችንና ከልብሳችን የሚወጣው እርጥበት ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ሲያርፍ ውሃ ይሆናላ። የዝናብ መጥረጊያው ያለው ውጭ ነው፣ የውስጡን አይነካውም። ሞቅ ያለ አየር መስታወቱ ላይ ቢነፍስ ግን መስታወቱ ይሞቃል፣ እርጥበቱም ይነሳል። ማሞቂያ ከሌለስ? ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ጨርቅ ይዞ ይነዳል። ካምቢዮውን በምኑ እንደሚቀይር እሱ ይወቀው። ሳሙና ቀብተሽ ወልውዪው የሚሉኝም አሉ። ለትንሽ ጊዜ ይሠራል። ግን ክረምቱን ሙሉ ሳሙና ስቀባ ልኑር እንዴ?

አሁን ወደ ማንሻዋ ልመለስ። መጀመሪያ ግን ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የቮልስ ነገር ለየት ይላል። ሌሎች ብዙ መኪኖች ሞተራቸውን የሚያቀዘቅዙት በውሃ ነው። ማሞቂያቸውም ከዚያው ሙቅ ውሃ ነው የሚቀዳው። ቮልስ ላይ ራዲያተር የሚባል ነገር የለም። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። በቺንጊያ የሚዞረው ቬንትሌተር አየር ይገፋል። ከዚያ አየር የተወሰነው የጭስ ማውጫ ቱቦውን በከበበ የላሜራ ሳጥን ውስጥ ያልፋል። በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ ሳጥን አለ። ቱቦው ግሏል፣ ስለዚህ አየሩም ይሞቃል። ከዚያ በበሮቹ ስር ባለው ክፍት ቦታ በኩል ወደ ፊት ይመጣና እግራችን ጋ እና መስታወቱ ስር ይወጣል። ይሄ አሠራር የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1963 ሞዴል ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ላይ ሞተሩን ያቀዘቀዘው አየር ራሱ ነበር ወደ ውስጥ የሚገባው፣ ከነዘይት ሽታው።

ማንሻዋን ከሳጥኖቹ ጋር የሚያገናኘው ካቦ ነው። ከእጅ ፍሬኑ ስር ይነሳል፣ መኪናዋ መሃል ባለው ዋሻ ውስጥ ያልፋል፣ ካምቢዮው አካባቢ ለሁለት ሆኖ ይወጣል። እያንዳንዱ ጫፍ የአንዱን ሳጥን ክዳን ይስባል። ከእጄ እስከ ክዳኑ ድረስ መሃል ላይ ያለው ይሄ ሽቦ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር እንደዚህ ዓይነት ነገር ደስ ይለኛል። ብልሽቱ የት እንዳለ ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም። አንድ ሰው ማንሻዋን ይስባል፣ ሌላው መኪናዋ ስር ተኝቶ ምን እንደሚንቀሳቀስ ያያል።

ሰፈራችን አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ቮልስ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ፊታቸው አልፈታም።

"ልጄ፣ ይቺ ነገር ሳትነካ ብትቀር ይሻላል።"

"ለምን ጋሼ?"

"ሳጥኑን ዝገት ከበላው፣ የምትተነፍሺው ጭሱን ነው።"

እውነታቸውን ነው። ይሄን ልብ በሉልኝ። ሞቃቱ አየር ከጭስ ቱቦው የሚለየው በብረት ብቻ ነው። ብረቱ ከተበሳ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል። እሱ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ቮልስ ያላችሁ፣ ካቦውን ከመቀየራችሁ በፊት ሳጥኑን አስመርምሩ። ሳጥኑ ከተበላ ማንሻዋ ባትሠራ ይሻላል፣ ጨርቃችሁን ያዙ።

መኪናዋን በክሪክ አነሱልኝና ከስር ድጋፍ አደረጉባት። ጋሼ በካቻቢቴ ጀርባ እየቆረቆሩ አዳመጡ። የቀኙ ሳጥን ጤነኛ ነው። የግራው ግን ጭራሽ የለም! የሆነ ዘመን ላይ የሆነ ሰው አውልቆ በቦታው ባዶ ቱቦ ገጥሟል። የካቦው የግራ ጫፍ ምንም ሳይስብ ተንጠልጥሎ ነበር። ከቬንትሌተሩ ቤት ወደ ሳጥኑ አየር የሚያወጣው ቀዳዳ ደግሞ በጨርቅ ተወትፏል። ሐሳቡ ልክ ነው፣ ቀዳዳው ካልተዘጋ የሞተሩ ማቀዝቀዣ አየር በከንቱ ይወጣና ሞተሩ ይግላል። ግን ጨርቅ? ሞተር ላይ? ላሜራ ሠራተኛ ጋ ሄደን በልኩ ክዳን አሠራንለት።

ካቦው የሚስበው የቀኙ ሳጥን ክዳን ደግሞ ዝጎ ደርቋል። ነጭ ጋዝ አፈሰሱበትና አሳደሩት። በማግስቱ በፒንሳ ቀስ እያሉ ወዲህ ወዲያ አሉት፣ ዘይት ጠብ አደረጉበት፣ እንደገና ወዲህ ወዲያ። ትዕግስታቸው! እኔ ብሆን በመዶሻ ብዬው ነበር።

ካቦውን በተመለከተ ትንሽ ተከራከርን። እሳቸው የብስክሌት ፍሬን ካቦ ይበቃዋል አሉ። እኔ ቀጭን ነው፣ ይለጠጣል አልኩ። ሶማሌ ተራ ሄጄ አዲስ የቮልስ ካቦ አገኘሁ። የሚገርመው ነገር መኪናዋ መመረት ካቆመች ቆይታለች። የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው የወጣችው። ዕቃዋ ግን ዛሬም አዲስ ይመረታል። ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራች ወዳጅ አላጣችም። እኛ አገርም አሮጌ መኪና ገና ብዙ ይቆያል። በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለችውን ጠግኖ መንዳት የግድ ሆኗል።

ካቦው በግራሶ ተቀብቶ ከፊት ገባ፣ ተገፍቶ ከኋላ ወጣ። በሚወጣበት ቦታ ላይ ጭቃና ውሃ እንዳይገባ የሚከለክል ጎማ አለ፣ እሱም ተቀየረ። ጫፉን ስታጠብቁት ማንሻዋም ክዳኑም የተዘጉ መሆን አለባቸው። ካቦው ትንሽ ላላ ይበል። ከተወጠረ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ በጋ ላይ እግራችሁ ይጠበሳል። ማንሻው ካልሠራ ቮልስ ላይ ሁለቱም ይደርሳል፤ ወይ ሁልጊዜ ብርድ፣ ወይ ሁልጊዜ ምድጃ።

አሁን ትሠራለች። ቬንትሌተሩ የሚዞረው ከሞተሩ ጋር ስለሆነ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ በመኪና ሰልፍ ቆማችሁ ሙቀት አትጠብቁ። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ስትወጣ ግን ሞተሩ ያጓራል፣ ሙቀቱም ይመጣል፣ መስታወቱም ይጠራል።

የቀኙ ማለቴ ነው። ያለው ሳጥን የቀኙ ስለሆነ በደንብ የሚጠራው የቀኝ በኩል ነው። ከጎኔ የተቀመጠ ሰው መንገዱን ጥርት አድርጎ ያያል። መሪውን የያዝኩት እኔ ዛሬም በጨርቅ ነኝ። እናቴ ከጎኔ ስትሆን "ቀስ በይ፣ ሰው አለ" የምትለኝ እሷ ናት።

የግራውን ሳጥን እየፈለግሁ ነው። ሶማሌ ተራ አንድ አይቼ ነበር፣ ታችኛው ክፍሉ ተበልቷል፣ ተውኩት። ጤነኛ የግራ ሳጥን ያላችሁ ወይም ያለው ሰው የምታውቁ በመልእክት ንገሩኝ። ዋጋውን ግን አስተያየት አድርጉ፣ እባካችሁ። በሉ፣ ደህና ሁኑ።