ደጃዝማች እና መሬቱ፦ ሹመት ሐረር ላይ እንዴት ይበላ ነበር?

(ምስል፦ ጀጎል፣ ፈረስ መጋላ፣ ጠዋት)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ሐረር ወይም ድሬ ያደጋችሁ «የደጃዝማች እገሌ መሬት» ሲባል ከአያቶቻችሁ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እውነት ግን መሬቱ የእሳቸው ነበር?

ከስሙ እንነሳ። ማዕረጎቻችን የጦር ሰፈር ልጆች ናቸው። ፊታውራሪ ከፊት ይቀድማል። ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ ይሰለፋል። ደጃዝማች የደጁን ጦር ያዛል። ልብ በሉ፣ አንዳቸውም ውስጥ የቦታ ስም የለም።

መሬቱ የሹሙ ደመወዝ ነበር። ንጉሡ በብር በመክፈል ፈንታ ጉልት ይሰጣል። ጉልት የተሰጠው ሰው ከዚያ መሬት የሚወጣውን ግብር ይበላል። ርስት ለልጅ ይወረሳል፤ ጉልት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሹመቱ ጋር ይመጣል፣ ከሹመቱ ጋር ይሄዳል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ በደንብ ይገባችኋል።

(ምስል፦ የጀጎል ግንብ)

ሐረር ቀድሞም የራሷ ሹማምንት ነበሯት። አሚሩ ከላይ፣ ገራዶቹ (የአሚሩ ሹማምንት) ከሥሩ። በ1879 ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂ ሲሸነፉ ምኒልክ አገሩን ለመኮንን ሰጡ። መኮንን ኋላ ራስ ሆኑ።

አሁን ደግሞ የልጃቸውን ነገር ስሙ። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። በ1898 ተፈሪ ገና በ13 ዓመታቸው ደጃዝማች ተባሉ፤ ጋራ ሙለታም ተሰጣቸው። በዚያው ዓመት መጋቢት አባታቸው ቁልቢ ላይ አረፉ። ታዲያ ሐረር ለተፈሪ ሆነች? አልሆነችም። ለታላቅ ወንድማቸው ለደጃዝማች ይልማ ተሰጠች፤ ከዚያ ደጃዝማች ባልቻ ተሾሙባት። ለተፈሪ የደረሰቻቸው በ1902 ነው። ከራስ የተወለደ ልጅ እንኳ የአባቱን አገር የሚያገኘው ንጉሡ ሲፈቅድ ብቻ ነበር።

ሹሙ ሲቀያየር አራሹ ግን እዚያው ነው። መሬቱ በቀላድ (በመለኪያ ገመድ) ተለክቶ በጋሻ ይቆጠራል፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው። ገባሩ፣ ማለትም ግብር ከፋዩ አራሽ፣ እህል ያገባል፣ ማር ያመጣል፣ የሹሙን ማሳ ያርሳል፣ እንጨት ይሸከማል። ስለ ራሶቹ ስናወራ እሱን መዝለላችን ሁሌ ያሳዝነኛል። ደጃዝማቹ የበላው የእሱን ላብ ነው።

የሐረር ስም ማዕረግ ውስጥ የገባው ዘግይቶ ነው። ተፈሪ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡ በኋላ ልጃቸውን ልዑል መኮንንን «መስፍነ ሐረር» አሏቸው። ልዑሉ በ1949 በመኪና አደጋ አረፉ።

ርስተ ጉልት፣ ማለትም እንደ ርስት ለልጅ የሚወረሰው ጉልት፣ በ1958 በአዋጅ ቀረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ደግሞ የገጠር መሬት በሙሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ከዚያ በኋላ «ደጃዝማች» የሚለውን ስም ሰው በአክብሮት ይጠራው ነበር፤ የሚበላ ጉልት ግን አልነበረውም።