9ኛ ክፍል ስትገቡ የሚጠብቃችሁ እንግሊዝኛ

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። ጳጉሜን ገብቷል። ምዝገባው አልቋል፣ የደብተርና የዩኒፎርም ገበያው ደርቷል። እኔ በካራ በኩል፣ አዲስ አበባ አልቆ ለገጣፎ ሊጀምር ሲል ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በዚህ ሰሞን ታክሲ ሰልፍ ላይም፣ ዳቦ ቤትም ወላጆች የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ቲቸር፣ ልጄ 9ኛ ሊገባ ነው፤ እንግሊዝኛው ይከብደው ይሆን?» ልጆቹም ይጠይቁኛል፣ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

የሚከብደው የእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ አይደለም። የሚከብደው ሌላው ሁሉ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ አደረገ። 9ኛ ላይ ዛሬም የሚሠራው ይኸው ነው። ባዮሎጂው፣ ኬሚስትሪው፣ ታሪኩ፣ ጂኦግራፊው፣ ገና አሁን የምትጀምሩት ኢኮኖሚክስ ሳይቀር በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይሰጣችኋል። የፊዚክስ ጥያቄ ቁጥሩ ብቻ ሲሰጠው ቁጭ አድርጎ የሚሠራ ልጅ አውቃለሁ። ያው ጥያቄ አንድ መኪና ከዚህ ተነስቶ እዚያ ደረሰ የሚል ታሪክ ሆኖ ሲመጣ ግን እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ፊዚክሱ አይደለም ያስቸገረው።

የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። የባዮሎጂ መምህሩ ምዕራፍ መጨረስ አለበት። ዓረፍተ ነገሩ አልገባኝም ብትሉት ቆሞ ለማስረዳት ጊዜ የለውም፤ አልፈርድበትም። ቋንቋውን ራሱን ቁጭ ብለን የምናየው፣ መሳሳት የሚፈቀድበት፣ ደግሞ መጠየቅ የሚቻልበት ሰዓት የእኛ ብቻ ነው። እባካችሁ ይህን ሰዓት ኖት ለመገልበጥ አታውሉት።

እና ምን ይጠብቃችኋል? መጽሐፉን ስትከፍቱ እያንዳንዱ ምዕራፍ ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብ፣ የቃላት ትምህርት፣ ሰዋስውና መጻፍ አለው። ርዕሶቹ እንግዳ አይደሉም። ስለ ከተማ ኑሮ አለ፣ ስለ ትራፊክ አደጋ አለ። ካራ መንገድ ዳር ላደገ ልጅ የትራፊክ አደጋ ምን እንደሆነ ማስተማር አያስፈልግም፤ የሚቀረው የሚያውቀውን ነገር በሌላ ቋንቋ ማግኘት ነው።

ብዙዎቹን መጀመሪያ የሚያስደነግጣቸው ማዳመጥ ነው። ጽሑፉ እናንተ ፊት የለም፤ መምህሩ ያነባል፣ እናንተ ሰምታችሁ ትመልሳላችሁ። በመጀመሪያው ንባብ ግማሹ ቢያመልጣችሁ ምንም አይደለም። ጥያቄዎቹን አስቀድማችሁ አንብቡ፣ የሚፈለገው ሰው ይሁን ቦታ ወይም ቁጥር ለዩ፣ ከዚያ ጆሯችሁን ለእሱ ስጡ። እኔ የተማርኩት በፕላዝማ ዘመን፣ ትምህርቱ በቴሌቪዥን ሲሰጥ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ጠይቃ፣ ትንሽ ጠብቃ፣ ማንም ሳይመልስላት ትቀጥል ነበር። ዛሬ ፊታችሁ የቆመው ሰው ነው። «ቲቸር፣ ይደገምልን» ሲባል ይደግማል። ይህን ዕድል ተጠቀሙበት።

ወደ ማንበብ ልምጣ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ባለፈው ዓመት የአንዲት ጎበዝ ተማሪዬን መጽሐፍ ገለጥኩ። ከእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በላይ ትርጉሙ በእርሳስ ተጽፏል፣ ደቅቆ ደቅቆ። የመጀመሪያው አንቀጽ ከእርሳሱ ብዛት ጠቁሯል። ሁለተኛው ሳሳ ያለ ነው። ሦስተኛው ላይ ሁለት ቃል ብቻ ነው ያለው፣ ከዚያ በኋላ ገጹ ንጹሕ ነው። ደክሟት ተወችው። የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ምን እንደሆነ ስጠይቃት ዝም አለች። ቃሉን ሁሉ ታውቀዋለች፣ ነገሩን አታውቀውም። ደግሞ ሰነፍ ብትሆን ይህን ሁሉ ባልጻፈች ነበር።

አብረን ያደረግነው ይህን ነው። እርሳሱን አስቀመጥን። አንቀጹን ሳታቆም እስከ መጨረሻው አነበበች፣ ያልገባትን እየዘለለች። ከዚያ መጽሐፉን ከድና በቤቷ ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ ስለ ምን እንደሚያወራ ለጓደኛዋ ነገረቻት። ተመልሳ ገለጠችው። አሁን ካላወቀቻቸው ቃላት ውስጥ ነገሩን የያዙት ሁለት ሦስቱ ብቻ ሆኑ። ለእነሱ ብቻ ዲክሽነሪ አወጣን። ይህንኑ ነው ባዮሎጂ መጽሐፍ ላይም የምታደርጉት፣ ታሪክ ላይም። በእንግሊዝኛ ክፍል ሌላ ቋንቋ መስማት የማይወዱ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ ግን የገባውን በራሱ ቋንቋ መናገር ያልቻለ ልጅ ገባው ብዬ አላልፈውም።

ክፍላችን ድብልቅ ነው። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። አንዱ ከአባዶ ኮንዶሚኒየም የመጣ፣ በአማርኛ የተማረ ነው። አንዷ እስከ 8ኛ በአፋን ኦሮሞ የተማረች ናት። አንዱ ከግል ትምህርት ቤት የመጣ ነው፣ እንግሊዝኛው አፉ ላይ ነው። የግሉ ልጅ ሲናገር ሌሎቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። በኋላ የሰዋስው ፈተና ሲመጣ አንገት ደፍተው የነበሩት ይበልጡታል። እኔ ይህን እያየሁ ነው የምኖረው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት አጠገባችሁ ያለው ልጅ ፈጥኖ ስለተናገረ «እኔ አልችልም» ብላችሁ አትደምድሙ። አብራችሁት ሥሩ። እሱ ያናግራችኋል፣ እናንተ ታርሙታላችሁ።

ሳቅ ይኖራል። መናገር ሲጀመር አንድ ልጅ ይሳሳታል፣ ከኋላ ይሳቃል። ክፍሉ ለ40 ተማሪ ታስቦ ከ50 በላይ ሲቀመጥበት ሳቁ ደግሞ ይበረታል። እኔ ክፍል ውስጥ የሳቀ ልጅ ቀጥሎ የሚናገረው እሱ ነው፤ ደንቡ ይኸው ነው። በጥቅምት አካባቢ ሳቁ ይበርዳል። እስከዚያ ድረስ የምለምናችሁ፣ በቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን፣ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። እስከ ሰኔ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ የሚያልፉ ልጆች አሉ። ብዙ ጊዜ ሴቶቹ ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ይህ ያሳዝነኛል።

ሰዋስው ላይ ብዙ አልቆይም። የፓስት ቴንስን ፎርሙላ በቃላችሁ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። የሚጎድለው ትናንት ያደረጋችሁትን በእሱ መናገር ነው። ጽሑፍም እንደዚያው፤ አንድ አንቀጽ በራሳችሁ እጅ ጻፉ። ስልክ ያለው ልጅ አሳይመንቱን ቻትጂፒቲ አስጽፎ ይመጣል። እኔ ግን ስህተት የሞላበትን የእናንተን አንቀጽ እመርጣለሁ፤ የማርመው ነገር አገኛለሁና።

ወላጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ድሮ 10ኛ ላይ ማትሪክ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። አሁን ከ8ኛ ሚኒስትሪ በኋላ እስከ 12ኛ ድረስ አገር አቀፍ ፈተና የለም። 9ኛ ላይ የተፈጠረ ክፍተት አራት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያየው ሊቀመጥ ይችላል ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉንም በቋንቋ አላሳብብም። ግን ያ ፈተና፣ ሒሳቡም ፊዚክሱም፣ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ይህን የምነግራችሁ ልጁን እንድታስፈራሩበት አይደለም። ክፍተቱን ዘንድሮ እንድታዩት ነው።

እንግሊዝኛ ባታውቁም ታዩታላችሁ። ማታ «ዛሬ ምን አነበብክ? ንገረኝ» በሉት፣ በቤታችሁ ቋንቋ። ጂኦግራፊም ይሁን ባዮሎጂ። ካስረዳችሁ ገብቶታል። «አነበብኩ፣ ግን እንዴት ልበላችሁ...» ካለ አንድ አንቀጽ መልሶ እንዲያነብ አድርጉት፣ እዚያው አጠገባችሁ። አስጠኚ ለመቅጠር ከመሮጥ በፊት ይህን ለአንድ ወር ሞክሩት። ውኃ መቅዳቱም፣ ሱቅ መጠበቁም እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን ከዚያ መሀል ግማሽ ሰዓት ስጡት።

መጽሐፍ ሁሉም ልጅ እጅ ላይ ቶሎ ላይደርስ ይችላል። ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ አለ። ሦስት አራት ቤተሰብ ሆናችሁ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ፎቶ ኮፒ አስደርጉና ልጆቹ አብረው ያንብቡት። ትምህርት ሲጀመር ያልገባችሁን አንድ አንቀጽ ምልክት አድርጋችሁ ይዛችሁልኝ ኑ፤ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ከእሱ እንጀምራለን።