ድርሰቱ የማን ነው?
የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር፣ ደብረ ማርቆስ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ! የኮሜዲ ጸሐፊዎች ጉባኤ ላይ ሊቀ መንበሩ ሲናገር እንደማይሳቅ ልማዱን ስለማውቅ አትጨነቁ።

ምፀት ለጎጃም እንግዳ አይደለም። የቅኔ ቤት ጀማሪ መጀመሪያ የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ሰሙን አስተኝቶ ወርቁን የሚመዘው በዚያች ውስጥ ነው። የቴሌቪዥን ቀልድም ይኸው ነው፦ የመጀመሪያው ንግግር ያዘናጋል፣ ሁለተኛው ይነክሳል። መሐል ላይ ትርፍ ቃል ከገባች ሣቁ ይበርዳል። ጎጃም ተወልዶ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደገው አቤ ጉበኛም ያልተወለደ ልጅ አፍ አውጥቶ የሚሟገትበትን «አልወለድም»ን ሲያሳትም መጽሐፉ ታገደበት።

የ1985ቱ የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቅድመ ምርመራን ሲያስቀር መጽሔት እንደ አሸን ፈላ፤ ብዙዎቻችን እጃችንን ያፍታታነው ያኔ ነው። ክፍያው አይነሣ! ግን ስማችን ከዓምዱ አናት ላይ ነበር፤ የሣቀም የተናደደም ማንን እንደሚፈልግ ያውቃል።

ቴሌቪዥን ላይ ግን ሌላ ነው። አንድ የቀበሌ ሊቀ መንበር «አጀንዳ አንድ፦ ስብሰባ ስለ መቀነስ» ብሎ ያነብና ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ያስመርጣል፤ ኮሚቴው በሳምንት ሦስት ቀን እንዲሰበሰብ ይወሰናል። ይህን ጻፍሁ። ቀረጻ ላይ ተዋናዩ «አበል አለው?» የምትል ጨመረባት፤ ትልቁ ሣቅ የመጣው እሷ ላይ ነው። ደግ አደረገ። መጨረሻ ላይ የተዋናዩ ስም ወጣ፣ የሜካፕ ባለሙያዋ ወጣ፣ መብራት ያከራየው ሳይቀር ወጣ። የደራሲው ስም የለም።

የ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲ ስሙ እንዲጠቀስለት መብት ሰጥቶታል። እኛ ግን የምንሠራው በቃል ነው። «ወንድሜ፣ ስክሪፕቱን ለነገ አድርስልን፣ ሌላውን እንነጋገራለን» ይሉናል። እናደርሳለን፤ አንነጋገርም።

ስለዚህ የዛሬው ዋና አጀንዳ የውል ናሙናው ነው። ስለ ስምና ስለ ክፍያ ብዙ የምንጨቃጨቅ አይመስለኝም። ፕሮግራሙ በድጋሚ ሲተላለፍ ስለሚከፈለው ግን ጠንከር ያለ ሐሳብ ይዛችሁ ተነሡ። ተዋናይ ቀረጻ ላይ የጨመራት ቀልድ የማን ናት በሚለው ደግሞ ሥራ አስፈጻሚው ራሱ ተከፍሏል። እኔ የተዋናዩ ናት ባይ ነኝ፤ ወጣቶቹ «ጋሼ፣ ለእነሱ አደላህ» ይሉኛል። እንከራከርበታለን።

ረቂቁ ከሻይ በፊት ይታደላችኋል። አሁን ገንዘብ ያዣችን የሒሳብ ሪፖርቱን ይዘው ወደ መድረክ ይምጡልን።