ለለቅሶው ሦስት መቶ፣ ለቃዲሹ ስድስት

ቄሶቻችን፣ ራቢዎቻችን፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ከኋላ ቆማችሁ ስልክ የምትነካኩ ወጣቶችም፣ ሻሎም፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ፊት ለፊት ወንበር አለ፣ ግቡ። የእድራችንን የዓመት ሂሳብ ገንዘብ ያዣችን ከኔ በኋላ ያነብላችኋል። እኔ ቁጥር ውስጥ አልገባም፣ ከአንድ ቁጥር በስተቀር።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ አንድ አባታችን አረፉ። ለቅሶው ላይ ከሦስት መቶ ሰው በላይ ነበር። ከእስራኤል ከተሞች፣ ከአሽዶድ፣ ከነታንያ፣ ከቂርያት ማላኪ አውቶቡስ ተከራይቶ የመጣ ሰው ነበር፣ ድንኳኑ ሞልቶ መንገድ ላይ ቆምን፣ ጎረቤቶቻችን "ሚኒስትር ነው እንዴ የሞተው?" ብለው ጠየቁ። ሰባቱ ቀን አለቀ። በማግስቱ ጠዋት ልጃቸው ቃዲሽ፣ ልጅ ለሞተ አባቱ የሚለውን ጸሎት፣ ሊል ጸሎት ቤት መጣ። ስድስት ወንድ ነበር። ሚንያን፣ ቃዲሽ ለማለት መሟላት ያለበት የወንድ ቁጥር፣ አስር ነው። እኔ ሴት ነኝ፣ ብቆጠር እንኳ ሰባት ነበርን። ትንሽ ጠበቅን፣ ማንም አልመጣም፣ ልጁ መጽሐፉን ዘግቶ ወደ ሥራው ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። በድግስ ቀን ማንም አይደርስብንም። የምንጠፋው በማግስቱ ነው።

እስቲ ከልደት ልጀምር። እናቴ እኔን የወለደችኝ ጎንደር፣ አምቦበር፣ አራስ ጎጆ ውስጥ ነው። ሴት ስለሆንኩ ሰማንያ ቀን ተቀመጠች፣ ለወንድሜ አርባ ቀን፣ ኦሪት እንደሚያዘው። ጎጆዋ ዙሪያዋን በድንጋይ ታጥራለች፣ ምግቡ ድንጋዩ ጋ ይቀመጣል፣ እሷ ታነሳዋለች፣ ማንም አይነካትም። ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ "አራስ ሴት እንዴት ከቤት ታስወጣላችሁ?" ብለው ያፋጥጡናል። እውነታቸውን ነው፣ በብርድ ሌሊት ጎጆ ውስጥ መውለድ የሚናፈቅ ነገር አይደለም። እናቴን ስጠይቃት ግን "በዕድሜዬ ያረፍኩት ያኔ ብቻ ነው" ትለኛለች። ሰማንያ ቀን ውኃ አልቀዳችም፣ እንጨት አልለቀመችም፣ አልፈጨችም። ገንፎው የሚመጣው ከየቤቱ ነበር። ቀኑ ሲሞላ ወንዝ ወርዳ፣ ታጥባ፣ ቄሱ መጽሐፈ አርድእትን አንብበው ወደ ቤቷ ትገባለች።

አሁን የልጅ ልጇ ሊፍት የሌለው ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ወልዳ ከሆስፒታል ከወጣች ሳምንት ሳይሞላት ግዝረት ነው፣ አዳራሽ ተይዟል፣ መቶ ሃምሳ ሰው ተጠርቷል፣ አራሷ ቆማ እንግዳ ትቀበላለች። ገራዡ ሞሄል ጨርሶ ሄደ፣ ስም ወጣ፣ ማዛል ቶቭ ተባለ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ሰው በልቶ ተበተነ። በአስራ አምስተኛው ቀን በሯን ያንኳኳ ማን ነው? የሴቶች ኮሚቴያችን ተራ አውጥቶ እስከ አርባ ቀን ምግብ ያደርሳል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ተራው ግን የሚዞረው እነዚያው አምስት ሴቶች ላይ ነው። ሦስቱን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አራተኛ ፎቅ ነው ያልኳችሁ።

ስለ ባር ሚጽቫ አላበዛም። ጎንደር አልነበረንም፣ እዚህ መጥተን ነው ያገኘነው። ልጁ አስራ ሦስት ዓመት ሞልቶት ኦሪቱ ፊት ሲቆም አባቱ ተፊሊን፣ ለጸሎት ክንድና ግንባር ላይ የሚታሰረውን፣ ማሰር ስለማያውቅ አፍሮ ከኋላ ይቆማል። ማክሰኞ ማታ ሞአዶን፣ መሰብሰቢያ ቤታችን፣ ኑ፣ አባትና ልጅ አብራችሁ ተማሩ። አያቱንም ወደ ፊት አምጧቸው፣ ቄሱም በግዕዝ ይመርቁት። ዲጄው ሦስት ሰዓት ሲጮህ ችለን፣ አምስት ደቂቃ ምርቃት ለማን ይበዛል?

ሠርግ ላይ ስደርስ ሆዴ ይባባል። አባቶቻችን ሰባት ቤት ዘር ቆጥረው ነበር የሚያጋቡት። ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ፈርደው ሳለ፣ እዚህ ስንደርስ ራባኑቱ፣ ጋብቻ የሚመዘግበው የራቢዎች ጽሕፈት ቤት፣ ለመጋባት መጀመሪያ ሚቅቬ፣ የመንጻት ውኃ ውስጥ፣ ግቡ አለን። ሃይማኖታችሁን ቀይሩ ሲባሉ አንቀይርም ብለው መሬት የተነጠቁ ሰዎች ልጆች ነን እኮ፣ ያንን ቃል የሰማ ሽማግሌ ሁሉ "ተጠመቁ" ብሎ ነው የተረጎመው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሰዎቻችን ኢየሩሳሌም፣ ራባኑቱ ደጅ ላይ አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። እዚህ መካከላችን የተቀመጣችሁ አላችሁ፣ አያችኋለሁ። የነታንያው ራቢ ዳዊት ሸሉሽ በራቸውን ከፍተው ባይመዘግቡን ኖሮ ስንቱ ሳይጋባ ይቀር ነበር።

አልፏል እንዳትሉ። ዘንድሮም ሁለት እጮኛሞች አንድ ቢሮ ሄደው፣ ስሙን አልጠራም፣ የአያቶቻችሁን ወረቀት አምጡ ተባሉ። ጎንደር ገጠር ውስጥ ምን ወረቀት አለ? ወረቀቱ ሽማግሌው ናቸው። ልጅቷ እያለቀሰች መጣች። በሦስተኛው ጊዜ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው አብረዋት ገቡ፣ ዘሩን ከዚህም ከዚያም ቆጠሩ፣ ጸሐፊው ጻፈ። ልጆቹ ለብቻቸው ሲሄዱ የተዘጋው በር ተከፈተ ማለት ነው። ስለዚህ ልጆች፣ አዳራሽ ከመያዛችሁ በፊት ለኛ ደውሉ። ሁፓው፣ የጋብቻው ድንኳን፣ በራቢ ይሁን፣ ቀሸራውም፣ የሙሽራው የግንባር ክር፣ በቄስ ይታሰር፣ ነጩና ቀዩ ግንባር ላይ ሲታይ እናት ሠርግ መሆኑ ይገባታል። ለአዳራሽ ብለው የተበደሩትን አምስት ዓመት ስለሚከፍሉት ሰዎች በሌላ ቀን እንጣላለን።

መርዶ። ጎንደር ሳለን ሩቅ አገር የሞተ ሰው መርዶ ሳምንትም፣ ወርም ይቆይ ነበር። ዘመድ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሳይቀድ በሩ ይንኳኳል። ሰውየው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ነው ያ ሁሉ ጥንቃቄ። እዚህ ደግሞ ቀብር በሰዓታት ውስጥ ነው፣ ቀብር አስፈጻሚው ሄቭራ ቃዲሻ ዘመድ እስኪሰበሰብ ብሎ ብዙ አይጠብቅም፣ ስልክም ከሽማግሌ ይፈጥናል። አንድ ልጃችን ጭነት መኪና እየነዳ፣ አውራ ጎዳና ላይ፣ የአባቱን ሞት ከዋትሳፕ ግሩፕ አነበበ። "ነፍስ ይማር" ከአበባ ሥዕል ጋር። የላከው ሰው ክፉ አይደለም፣ ማጽናናቱ ነው። ልጁ ግን መኪናውን ዳር አቁሞ አንድ ሰዓት ብቻውን ጮኸ።

ኮሚቴው ተነጋግሮ እንዲህ ወስኗል፤ የመጀመሪያው ስልክ ለእድራችን ዳኛ ነው። ሽማግሌዎቹ ቤቱ ገብተው እስኪነግሩ ድረስ ማንም ግሩፕ ላይ አይጽፍም፣ ፎቶም አይለጥፍም። የጻፈ ሰው ካለ ደውለን እናስጠፋዋለን፣ ቅር ብሎት ይቅር። ደግሞ ይህን ስሙኝ፣ በምትኖሩበት ከተማ የተለመደው ቀብር የሚከፈለው በቢቱዋህ ለኡሚ፣ በብሔራዊ መድኑ፣ ነው። ለቦታ ክፈሉ የሚላችሁ ሰው ከመጣ አንድ ሳንቲም ሳትሰጡ ደውሉልን። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ማሰሮውን እድሩ ያመጣል። ተዝካር የምትደግሱም ባላችሁ ልክ ደግሱ፣ ተበድሮ የደገሰ ሰው ሟቹን ሳይሆን ባንኩን ነው የሚያስታውሰው።

ወደ ስድስቱ ልመለስ። ቃዲሹን በፊደላችን ጽፈን አባዝተናል፣ ዕብራይስጥ ማንበብ የማይችል ሰውም ሊለው ይችላል። በነገራችን ላይ አብዛኛው አራማይክ ስለሆነ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱትም ይደናቀፋሉ፣ አትፈሩ። አስራ አንድ ወር ነው የሚባለው። ልጅየው አሁንም ሰባት ወር ይቀረዋል።

እኒያ ያረፉት አባታችን ሱዳን ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ የነበሩ ሰው ናቸው። ስንት ሰው እንደቀበሩ ቆጥረው አያውቁም። በሽታው ያልለቀቀው ሰው ሳይቀር እየተነሳ መቃብር ይቆፍር ነበር ይሉን ነበር፣ በሌሊት፣ ማንነታችን እንዳይታወቅ በሹክሹክታ። የእሳቸው ልጅ ነው አስር ሰው ያጣው።

ወረቀቱ ቡናው ጋ ነው። ሰባት ዓምድ አለው፣ ለየቀኑ አንድ፣ እያንዳንዱ ውስጥ አስር መስመር። አንድ ቀን ምረጡና ስማችሁን ጻፉ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ነው፣ በዚህ አገር አቆጣጠር 6፣ ባለፈው ተደናግሮ ቀትር ላይ የመጣ ሰው ስላለ ነው የምደግመው። ሴቶች፣ የአራሶቹ ተራ ከጎኑ ነው፣ አራተኛ ፎቅ መውጣት የምትችል ወጣት ቀድማ ትጻፍ። ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ መነጽሬን ረሳሁ አይበሉኝ፣ እኔ እጽፍልዎታለሁ።