ጳጉሜን የማያውቅ ሶፍትዌር

ውድ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ እንደምን ዋላችሁ?

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ ስጋበዝ ደስታዬ ልዩ ነው። ጥያቄያችሁ ግልጽ ነው። «የቢዝነስ ቴክኖሎጂ ተማሪዎች ነን፤ ፕሮግራሚንግ ብንማር ሥራ እናገኛለን ወይ?» መልሴን ላስቀድም። ይጠቅማችኋል። ግን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስም መቁጠሩ ብቻ አያስቀጥራችሁም።

እኔ ስመረቅ ሲቪዬ ላይ ጃቫና ፓይተን ደርድሬ ነበር። የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ጃቫ የጠየቀኝ የለም። አንድ የኤክሴል ፋይል ከፈቱና «መጋዘን ያለው ዕቃና መዝገቡ ለምን አይገጥምም?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ዕቃ እንዴት ገብቶ እንዴት እንደሚወጣ አላውቅም ነበራ!

ከዚያ በኋላ አጎቴ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ መዋል ጀመርኩ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደንበኛው በስልክ መክፈል ለምዷል። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ጥሬ ገንዘቡ ልክ ይመጣል፤ በስልክ የገባው ግን ከሽያጭ ደብተሩ ጋር አልገናኝ ይላል። አጎቴ ይናደዳል፤ ልጆቹን ይጠራጠራል። ለካስ ደንበኛው የዛሬውን ዕቃና የቆየ ዱቤውን ደምሮ አንዴ ነው የሚልከው። ይህን ያወቅኩት ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ነው። ካወቅኩ በኋላ ሁለቱን ለይቶ የሚመዘግብ ፕሮግራም ለመጻፍ ሁለት ቀን በቃኝ። ቀጣዩ ቃለ መጠይቅ ላይ እሱኑ ከፍቼ አሳየሁ፤ ተቀጠርኩ።

ሌላ ልጨምር። ከውጭ የመጣ የደመወዝ ሶፍትዌር ዓመትን በ12 ወር ነው የሚያውቀው። የእኛ 13 ነው። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 ትሆናለች። የመንግሥት በጀት ዓመት ደግሞ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ጎበዝ ፕሮግራመር ይህን ሁሉ በኮድ ይጽፈዋል። ጳጉሜን ደመወዝ ላይ ምን እንደምትሆን ግን አንድ ሰው ሊነግረው ይገባል። ያ ሰው እናንተ ናችሁ። ኮዱንም ማንበብ ከቻላችሁ ማን ይለቃችኋል?

ለነገሩ ፕሮግራሚንግና ንግድ የቆዩ ወዳጆች ናቸው። ኮቦል የተባለው ቋንቋ በ1959 እ.ኤ.አ. ሲነደፍ ገና ከመነሻው ለንግድ ሥራ ታስቦ ነው።

ስለዚህ አምስት ቋንቋ አትጀምሩ። መጀመሪያ ዳታቤዝን፣ ማለትም የመረጃ ቋትን፣ የምትጠይቁበትን ቋንቋ ኤስኪውኤልን ተማሩ፤ የሽያጩም የዕቃውም መረጃ ያለው ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ከዚያ አንድ ትንሽ ነገር ጀምራችሁ ጨርሱ። ሁላችሁም ወዲያው ትቀጠራላችሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ኮድ ችለው ቤት የተቀመጡ ልጆች አውቃለሁ፤ ያማል።

ነገ ከሰዓት ጣና ዳር ጀልባ መሳፈሪያው ጋ ውረዱ። ወደ ዘጌ የሚያሻግሩትን ሰዎች ተራቸውንና ሒሳባቸውን እንዴት እንደሚይዙ ጠይቁ። ፈቃዳቸው ከሆነ ደብተራቸውን እዩ። ያያችሁትን ጽፋችሁ ኑ። ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፔን ይዤ እዚሁ አዳራሽ እጠብቃችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።